ጣፋጭ ቤትን በታፔላው ሳይሆን በውሃው መለየት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ፣ ከኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ ሥር ከተደረደሩት ሱቆች መካከል «ኬክ ቤት» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ሰባት ቤቶች ቆጥሬያለሁ። በየቀኑ ኬክ የሚጋግሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ከመሀል ከተማ በካርቶን የመጣለትን ኬክ ቆርሶ ከማኪያቶ ጋር የሚያቀርብ ካፌ ነው። ሌላው ዳቦ ቤት ሆኖ ቅዳሜና እሁድ የልደት ቶርታ በትእዛዝ ይሠራል። የቀሩት ሦስቱ እንጀራቸው ጁስና እርጥብ ነው፤ ኬኩ የመስታወቱ ማሟያ ነው።

እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት፣ ዱባይ አራት ዓመት በጣፋጭ ሠሪ ቤቶች ጓዳ ሠርቼ ነው የተመለስኩት። አሁን ጠዋት እየሠራሁ ለካፌዎች አከፋፍላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሙያውን መልመድ የሚፈልጉ ልጆችን አስተምራለሁ። ሲመጡ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ «እትዬ፣ ምን ዓይነት ቤት ብከፍት ያዋጣኛል?» እኔም መጀመሪያ ያሉትን ቤቶች ለይታችሁ እወቁ እላቸዋለሁ። የምለይበትን መንገድ እነሆ።

መንገዱን ያገኘሁት በኪሳራ ነው። በተመለስኩበት ዓመት ለአንድ መልስ ሦስት ባለ ክሬም ቶርታ ታዘዝኩ። አርብ ማታ ጨርሼ ፍሪጅ አስገባሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ረፋዱ ላይም አልመጣም ነበር። ፍሪጁን ስከፍት ክሬሙ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ እያንዳንዷን በእጄ ያወጣኋት አበባ ትሪው ላይ ተኝታለች። ከፍሪጁ አናት ላይ ደግሞ ማክሰኞ የጋገርኩት አንድ ፓትራ ባቅላባ በጨርቅ እንደተሸፈነ አለ። አንዷን አንስቼ ነከስኳት፤ አራት ቀን ያለ ፍሪጅ አድራም እንደ ማክሰኞው ትንኮሻኮሻለች። የቶርታውን ገንዘብ መልሼ ባቅላባውን ለመልሱ በነጻ ላክሁ። ቤይሩት የነበረው አሠሪዬ፣ አዲስ ጣፋጭ ሲመጣለት ስሙን ሳይጠይቅ በሁለት ጣቱ ጫን ብሎ ይዞ የት መደርደር እንዳለበት የሚነግረን ለምን እንደነበረ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የሚለካው ውሃውን ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማር በገንቦ ዓመታት ይቀመጣል። በደንብ የበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 20 አይበልጥም፤ ያቺንም ውሃ ስኳሩ አንቆ ስለያዛት የሚያበላሽ ነገር አይበቅልባትም። ያንኑ ማር በውሃ በጥብጡት፤ ብርዝ ይሆናል። ብርዙ ሲሰነብት ይፈላል፤ ጌሾ ከገባበት ጠጅ ነው። ስኳሩ ያው ስኳር ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው።

ጃፓኖች ዋጋሺ የሚሉትን የአገራቸውን ጣፋጭ በዚሁ ሚዛን ይመድቡታል። ከመቶ 30 እና ከዚያ በላይ ውሃ ያለው ናማጋሺ ይባላል፤ እርጥቡ ማለት ነው። ከ10 እስከ 30 ያለው ሃን ናማጋሺ፣ ከፊል እርጥቡ ነው። ከ10 በታች ያለው ሂጋሺ፣ ደረቁ ነው። ይህን ክፍፍል ካወቅሁ ጀምሮ ለጃፓን ብቻ ሳይሆን ለየትኛውም አገር ጣፋጭ ቤት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አላሳተኝም።

እናንተም እንዲህ ጀምሩ። በሩ ላይ ቁሙ፤ ለመግዛት አትቸኩሉ። መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል? የፍሪጅ ሞተር ይሰማል? ባንኮኒው ላይ ሚዛን አለ ወይስ ሹካና ሰሃን? ሞተርና ሹካ ካለ የእርጥብ ቤት ነው፤ ያልሸጠውን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይጥለዋል፤ ዋጋው ውስጥ የሚጣለውም አብሮ ተቆጥሯል። ሚዛንና ካርቶን ካለ የከፊል እርጥብ ወይም የደረቅ ቤት ነው፤ በኪሎ ይሸጣል፣ ሰው ለዘመድ ተሸክሞት ይሄዳል።

የእርጥብ ቤት እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ክሬም ቤት ማለት ነው። ባለ ክሬም ኬክ፣ ሚልፎይ፣ ክሬም ካራሜል፣ ሁሉም ከጣልያንና ከፈረንሳይ ጓዳ የመጡ ናቸው። ሌላው ዓለም ግን እርጥቡን በብዙ መልክ ያውቀዋል። ኢስታንቡል ውስጥ ሙሃሌቢጂ የሚባለው ቤት ከወተትና ከሩዝ ዱቄት የሚረጋ ገንፎ መሰል ጣፋጭ በብዛት ይሠራል፤ ከነዚህም አንዱ፣ ታቩክ ጎሱ የሚሉት፣ የዶሮ ደረት ሥጋ እንደ ክር ተተልትሎ የሚገባበት ነው። እዚያው ከተማ ባቅላባ የሚሸጠው ባክላቫጂ፣ የፈረንጅ ኬክ የሚሸጠው ፓስታኔ፣ ከረሜላና ሎኩም የሚሉትን ለስላሳ የስኳር ጣፋጭ የሚሸጠው ሼከርጂ ይባላል፤ ሁሉም የየራሱ ሙያ ነው። ሼከርጂው ሐጂ በኪር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1777 ነው። ሆንግ ኮንግና ካንቶን ሄዳችሁ የጣፋጭ ቤት ብትሉ ወደ «የስኳር ውሃ» ቤት ይወስዷችኋል፤ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ የቀይ ባቄላ ወይም የጥቁር ሰሊጥ ሾርባ ማታ ማታ በማንኪያ ይጠጣል። ፍሪጅ የማያስፈልገው እርጥብ ቤት እንዲህ ነው፤ ድስቱ እሳት ላይ ስለሚውል ብርዱን የሚተካው እሳቱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ልብ ይበል።

በረዶስ? ልጆቻችን ጀላቲ የሚሉት፣ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣው፣ ውሃው እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በብርድ ታስሯል። እስራቱ እስካልተፈታ ድረስ ወራት ይቆያል፤ ከተፈታ ግን መልሶ ማሰር አይገባም፣ ቀልጦ የነበረ ወተት መልሶ ቢረጋ ከመብላት መተው ይሻላል። የጣልያን ጀላቴሪያ ከተራው አይስክሬም የሚለየው አየሩና ቅባቱ አነስ ስለሚል፣ ሲቀርብም ብርዱ ለስለስ ስለሚል ነው። ቱርኮች የሳሌፕ ዱቄት፣ ማለትም የኦርኪድ አበባ ሥር ተፈጭቶ፣ ስለሚጨምሩበት ዶንዱርማ የሚሉት አይስክሬማቸው እንደ ሊጥ ይሳባል፤ ቶሎም አይቀልጥም።

አሁን ልቤ ወዳለበት ወደ ከፊል እርጥቡ ልምጣ። ባቅላባ፣ ሙሸበክ፣ የአረብ አገር የሽሮፕ ጣፋጭ ሁሉ እዚህ ይገባል። አሠራሩን አንድ ጊዜ በቅርብ ካያችሁ ቤቱን በሽታ ብቻ ትለዩታላችሁ።

ሽሮፑን ቀድሜ አፈላለሁ፤ ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ሎሚው ለጣዕም ሳይሆን ስኳሩ ተመልሶ ጥሬ አሸዋ እንዳይሆን ነው። ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ስይዘው አጭር ክር ከሳበ ደርሷል፤ ወርዶ ይቀዝቅዝ። ቅቤው የነጠረ መሆን አለበት። የገበታ ቅቤ ከመቶ 16 ያህሉ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ እንደ ወረቀት የሳሳው ሊጥ መካከል ከገባ ንብርብሩን ያጣብቀዋል። እናቶቻችን ቅቤ የሚያነጥሩት ለምን እንደሆነ የባቅላባ ሠሪ በደንብ ያውቃል፤ ኮረሪማውን ብቻ ይተዋል። ፓትራው ከምድጃ በወጣበት ቅጽበት ቀዝቃዛውን ሽሮፕ አፈስበታለሁ። ድምፁን ስሙት፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ሊጡ ይላላል፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ሽሮፑ ከላይ ይቀራል። አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ሊጡ ሽሮፑን ስቦ ሲያበቃ የሚንኮሻኮሸው።

ስለዚህ ባቅላባ ቤት የንጥር ቅቤና የተጠበሰ ሊጥ ሽታ አለው፤ ፍሪጅ የለውም፤ ትላልቅ ክብ ትሪዎች ባዶውን ባንኮኒ ላይ ተደርድረዋል። ከቱርክ የጋዚአንቴፕ ባቅላባ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ኅብረት የትውልድ ስሙ ተጠብቆለታል፤ ለክብሩ መነሻ የሚሆነው እዚያው የሚበቅለው ፒስታቺዮ ነው። የእኛ ሐረርና ድሬዳዋ ሙሸበክና ሐላዋ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሙሸበክ ቀጭኑ ሊጥ ትኩስ ዘይት ውስጥ እንደ መረብ ተሠርቶ ሽሮፕ የሚነከር ነው፤ ስሙም በአረብኛ መረብ መሰል ማለት ነው። የህንዱ ጃሌቢ የሩቅ ዘመዱ ነው። በረመዳን ሰሞን ከእኛ ብሎክ ጀርባ አንዲት የድሬዳዋ ሴት ትሠራዋለች፤ ታፔላ የላትም፣ ግን ሙያዋ ከመንገዱ ሁሉ ይበልጣል።

ከፊል እርጥቡ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ዘር አለ፤ ወተትን ውሃውን አሳጥቶ ጣፋጭ የሚያደርገው የህንዱ ሃልዋይ ቤት። ዱባይ ስሠራ ከጎናችን የህንድ ጣፋጭ ቤት ነበር። በማለዳ ስንገባ ሰውየው ሰፊ ብረት ድስት ላይ ቆሞ ወተት ሲያማስል እናገኘዋለን፤ ከሰዓታት በኋላም እዚያው ነው። ወተቱ ጨልሞና ጠጥሮ ኮያ ሲሆን በስኳር ይለወስና ቡርፊ ይሆናል፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ላዩ ላይ እንደ ትንፋሽ የሳሳ የብር ቅጠል ይለጠፋል። ቤንጋሎች ሌላ መንገድ አላቸው፤ ወተቱን በሎሚ ይበጥሱትና እርጎ መሰል ቻና ያወጣሉ። የእኛ አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከአሬራው ነው፤ የእነሱ ከነቅቤው ከሙሉው ወተት ነው፤ ለዚህ ነው ለስልሶ በእጅ የሚድቦለቦለው። ድብልብሉ ስኳር ውሃ ውስጥ ሲፈላ ራስጉላ ነው። የካልካታው ኖቢን ቻንድራ ዳስ እ.ኤ.አ. በ1868 ባወጣው ራስጉላ ስሙ ይነሳል፤ የሌላዋ የህንድ ግዛት የኦዲሻ ሰዎች ደግሞ ከእኛ ነው ብለው ተከራክረው፣ በመጨረሻ ቤንጋል እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኦዲሻ በ2019 እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የትውልድ ስም ምዝገባ አግኝተዋል። ልብ በሉ፤ ቡርፊ በካርቶን ይሸጣል፣ ራስጉላ ከጭማቂው ጋር በቆርቆሮ ወይም በሰሃን ነው። አንድ ታፔላ፣ አንድ ወተት፣ ሁለት የውሃ ልክ።

ደረቁ ከረሜላ ቤት ነው። እዚህ ጥበቡ በሙሉ ቴርሞሜትር ላይ ነው። ስኳርና ውሃ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ሙቀቱ ይጨምራል፤ 115 ዲግሪ አካባቢ ላይ በጣት የሚጫን ለስላሳ፣ 150 ላይ ሲነከስ ቀጭ የሚል ጠንካራ ከረሜላ ይሆናል፤ ከ160 ካለፈ እየነደደ ካራሜል ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ውሃችን የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። መጽሐፉ 150 ካለ እናንተ 142 ወይም 143 ላይ አውርዱት። ይህን ሳላውቅ የቤይሩቱን ቁጥር ይዤ ስንት ድስት ስኳር እንዳሳረርኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉና ስበሩት፤ ጣታችሁ ዲግሪ አያስፈልገውም።

ደረቅ ቤት በአካፋና በሚዛን ይታወቃል። ስዊድን ውስጥ ልጆች ከረሜላቸውን የሚበሉት በቅዳሜ ነው የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ ከረጢታቸውን ይዘው ራሳቸው ይዝቃሉ። እኛ ጋ ደረቅ ቤት የሰፈር ሱቅ ነው፤ የከረሜላው ጠርሙስ ከሳሙናው አጠገብ። ክረምት ሲገባ ከረሜላው ከአየሩ ውሃ ስቦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፤ ያን ካያችሁ የጠርሙሱ ክዳን አይገጥምም ማለት ነው። የአርሲ ጭኮም በእኔ መዝገብ ደረቅ ነው። ስኳሩ ባይታይም ሕጉ ያው ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ሲታሽ ውሃ የሚባል ስለሌለው መንገደኛ ይዞት ይከርማል።

ታፔላው የሚታመንበት አገርም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሊጡን እዚያው አቡክቶ፣ አስነስቶ፣ እዚያው ያልጋገረ ሰው ቤቱን ቡላንዠሪ፣ ማለትም ዳቦ ቤት፣ ብሎ መጥራት በሕግ አይችልም። ቪየና ውስጥ ዛኸር ሆቴልና ዴሜል የተባለው ኮንዲቶራይ (ጣፋጭ ቤት) «ኦሪጅናል ዛኸር ቶርታ» ለማለት የሚገባው ማን ነው ብለው ለዓመታት ፍርድ ቤት ቆመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተስማሙት። ያ ቶርታ በቸኮሌት ተለብጦ ከሥሩ የአፕሪኮት ማርማላታ ስለሚቀባ ውሃው አይወጣም፤ ከነሣጥኑ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ኬክ ሆኖ የካርቶን ቤት ውስጥ የሚገባ ማለት ነው።

ውሃውን ከለያችሁ በኋላ የእኛ አገር ሁለተኛ ጥያቄ ይቀራል፤ ጾም ነው ወይ? ረቡዕና አርብ፣ ከዚያም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሲመጡ ግማሹ መስታወት ይዘጋል። እዚህ ላይ በባዕድ ቃል አትታለሉ። ህንዶች እንቁላል የሌለው ኬክ ብለው ሲሸጡ ቅቤና ወተት አለው፤ ለእነሱ ክልክሉ እንቁላሉ ስለሆነ ነው። ማካሮን የሚባለው የፈረንሳይ ብስኩት ዱቄቱ የአልሞንድ ቢሆንም በእንቁላል ነጭ ነው የቆመው። የቱርክ ሎኩም ግን ስታርችና ስኳር ነው፤ ለጾም ይሆናል። ባቅላባን እኔ ለጾም በዘይት እሠራዋለሁ፤ ንኮሻው ይቀንሳል፣ ለገዢው እነግረዋለሁ። ዋጋሺ አብዛኛው ከባቄላ፣ ከሩዝና ከስኳር ስለሆነ እንደ ጾም ምግብ የተፈጠረ ይመስላል። ካስቴላ የሚሉት ኬካቸው ብቻ፣ ፖርቹጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ናጋሳኪ ያመጡት፣ በእንቁላል የተሞላ ነው።

ልጆቼን የማሠራቸው ይህን ነው። ደብተር ይዘው ከአደባባዩ እስከ መጨረሻው ብሎክ በእግር ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ቤት አራት ነገር ይጽፋሉ፤ ታፔላው ምን ይላል፣ ብዙ የሚሸጠው ጣፋጭ ውሃው የትኛው ክፍል ነው፣ ያልተሸጠው ማታ የት ይገባል፣ ጾም ሲሆን ምን ይቀረዋል። ሦስተኛውን ለመመለስ ማታ ሲዘጋ መቆም ያስፈልጋል። አንዷ ተማሪዬ ባለፈው ሁለት ማታ ቆማ ጽፋ ስትመጣ፣ ክሬም ቤት ልትከፍት የነበረውን ሐሳቧን ለውጣ በዘይት የሚሠራ ባቅላባና ሙሸበክ ጀመረች። መብራት ሲሄድ አሁን አትደነግጥም።

አንድ ቤት ብቻ በደብተሩ ሁልጊዜ ያስቸግራቸዋል፤ ባጃጅ ተራው ጎን ቦምቦሊኖ የምትጠብሰው እናት። ስሙ ከጣልያን ቢመጣም እሷ ጋ ሲደርስ የሰፈር ሆኗል። ሊጡ በእርሾ ሌሊቱን ይነሳል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ዘይቱ ይግላል፣ ሠራተኛው በሻይ እየበላ አውቶቡሱን ይጠብቃል። ፍሪጅ የላትም፣ ሚዛን የላትም፣ ታፔላ የላትም። ውሃው እንደ ዳቦ ነው፤ በማግስቱ ይደርቃል፤ ለእሷ ግን ማግስት የሚባል ነገር የለም። «እትዬ፣ የት ላግባት?» ሲሉኝ በሰዓት አስገቧት እላለሁ። ከ3 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ድስቱ ተከድኖ ነው የምታገኙት።